የቤተሰብ መዝገብና የእርዳታ ካርድ ትስስር፤ ስለ ውጭ ቁልፍና ስለ ነባሪ ዋጋ

(በሐረር፣ አቦከር ወረዳ፣ ለመዝገብ ሠራተኞችና ለእደላ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)



በድርቅ የተጎዱ ወገኖችን የመርዳት ተግባር መነሻው መዝገብ ነው። አንድ ኩንታል ስንዴ ከመጋዘን ከመውጣቱ አስቀድሞ የተቀባዩ ስም፣ የቤተሰቡ ብዛትና የሚኖርበት ቀበሌ ተጽፎ መገኘት ይኖርበታል። በ1966 ዓ.ም.፣ የወሎና የትግራይ ረሀብ ይፋ ከወጣ በኋላ፣ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሲቋቋም ይህ ሁሉ የሚሠራው በእጅ በሚጻፍ ደብተር ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ስሙንና አደረጃጀቱን ደጋግሞ ለውጧል፤ ደብተሩም በብዙ ቦታ በኮምፒዩተር ተተክቷል። የመዝገብ ችግር ግን ከደብተሩ ጋር አልተሻረም። ደብተር ሲሳሳት ስሕተቱ በገጹ ላይ ይታያል፤ ሥርዝ አለ፣ ድልዝ አለ፣ ሳይሞላ የቀረ ባዶ ቦታ አለ። ኮምፒዩተር በሚገባ ካልታዘዘ ስሕተቱን ከእውነተኛው ጽሑፍ ጋር አስተካክሎ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል አሰልፎ ያወጣዋል።

የዚህ ንግግር ርእስ ጥቃቅን የሚመስሉ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የውጭ ቁልፍ ይባላል፤ ሁለተኛው ነባሪ ዋጋ ነው። ባለሙያዎቹ በእንግሊዝኛው አጠራር ፎሪን ኪይና ዲፎልት ይሏቸዋል። ለየብቻቸው ሲታዩ ሁለቱም ጠቃሚ መሣሪያዎች ናቸው። ያለ ጥንቃቄ ሲጣመሩ ግን ነባሪው ዋጋ የውጭ ቁልፉን ጥበቃ ከንቱ ያደርገዋል፤ የአንድ ወረዳ ተረጂ ድርሻም በሰነድ ላይ ለሌላ ወረዳ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1970 ኤድጋር ኮድ የተባለ የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ተመራማሪ ባወጣው ጽሑፍ፣ ብዙ ሰው የሚጋራው መረጃ በሠንጠረዦች ተከፍሎ እንዲቀመጥ፣ ሠንጠረዦቹም በውስጣቸው በሰፈሩት ዋጋዎች አማካይነት እንዲተሳሰሩ ሐሳብ አቀረበ። የውጭ ቁልፍ የሚለው ስያሜ በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ሐሳቡ በእርዳታ ሥራ ላይ ሲተረጎም እንዲህ ነው። ሦስት ሠንጠረዦች አሉ። የመጀመሪያው የወረዳዎች ዝርዝር ነው፤ በሐረሪ ክልል አባድር፣ አቦከር፣ አሚር ኑር፣ ጅኔላ፣ ሐኪም፣ ሸንኮር፣ ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጥያራ፣ በድምሩ 9 ረድፍ ይሆናል። ሁለተኛው የቤተሰቦች መዝገብ ነው። ሦስተኛው የእርዳታ ካርዶች መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ወረዳ የማይደገም መለያ ቁጥር አለው፤ ይህ ዋና ቁልፍ ይባላል። በቤተሰቦች መዝገብ ውስጥ «ወረዳ» በሚለው ዓምድ የሚጻፈው ይኸው ቁጥር ሲሆን፣ እዚያ ሲደርስ የውጭ ቁልፍ ተብሎ ይጠራል፤ ምክንያቱም ዋጋው የሚመጣው ከሌላ ሠንጠረዥ ነው። ካርዱም እንደዚሁ የቤተሰቡን ቁጥር ይይዛል።

ይህ ትስስር በኮምፒዩተሩ ከታወጀ ሁለት ነገር ይከለከላል። አንደኛ፣ በቤተሰቦች መዝገብ ላይ ለሌለ ቤተሰብ ካርድ መስጠት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ካርድ የተሰጠበትን ቤተሰብ ካርዱን እንዳለ ትቶ ከመዝገብ መሰረዝ አይቻልም። በእጅ ደብተር ዘመን ይህን የሚጠብቀው የጸሐፊው ትዝታና የቀበሌው ሊቀመንበር ፊርማ ነበር። ወላጅ ረድፍ የሌለው ካርድ በባለሙያዎቹ ቋንቋ «ወላጅ አልባ» ይባላል። በዚህ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሰዎች ቃሉ ከሠንጠረዥ የዘለለ ትርጉም እንዳለው የታወቀ ነው።

ትስስሩ በስም ለምን አይሆንም የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ እዚሁ አቦከር አለ። የወረዳው ስም በአንዱ ደብተር አቦከር፣ በሌላው አቡከር ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሐረር የሚለውም ስም በሐመሩ ሐ ወይም በሃሌታው ሀ ሲጻፍ አንባቢው ልዩነቱን ሳያስተውል ያልፈዋል። ኮምፒዩተሩ ግን አያልፈውም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሥርዓት ሲካተት ድምፃቸው አንድ የሆኑት ፊደላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መለያ ቁጥር ስለ ተሰጣቸው፣ በማሽኑ ዓይን ሐረርና ሀረር ሁለት የተለያዩ ከተሞች ናቸው። በስም የተሳሰረ መዝገብ ሲደመር አቡከር ተብለው የተጻፉት ቤተሰቦች ከአቦከር ድምር ውጭ ይቀራሉ፤ የሚጠይቅላቸውም አይኖርም። የሰው ስምማ የባሰ ነው፤ በዚህ ከተማ መሐመድ አሕመድ የሚባል ሰው በአንድ ቀበሌ ውስጥ ብቻ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም የካርድ አዳይ ሁሉ ያውቀዋል።

የቤት ቁጥርም ብቻውን አይበቃም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጥቶ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ሲደራጁ በየቀበሌው የተሰጠው የቤት ቁጥር ከቀበሌ ቀበሌ ይደጋገማል። ከዚህም በላይ ከቀዬው የተፈናቀለ ሰው የቤት ቁጥር የለውም። በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌና ከኦሮሚያ ክልሎች አዋሳኝ አካባቢዎች የተፈናቀሉት፣ በባቢሌ አቅራቢያ ባለው የቆሎጂ መጠለያ የሰፈሩትም ሆኑ በየዘመዱ ቤት የተጠጉት፣ በቤት ቁጥር ሊመዘገቡ የማይችሉ ነበሩ። ስለዚህ ለቤተሰቡ ከአድራሻው ጋር የማይገናኝ የራሱ ተራ ቁጥር መስጠት ይሻላል፤ አድራሻ ይለወጣል፣ ቁጥሩ ግን አብሮት ይሄዳል።

አድራሻ መለወጡ በዚህ አገር የተለመደ ነገር ነው። በ1977 ዓ.ም. በሐረርጌ ሰፊ የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ተጀምሮ ብዙ ገበሬ ከጥንት ቀዬው ተነሥቶ በአዲስ መንደር ሰፈረ። በ1980 ዓ.ም. የሐረርጌ ክፍለ ሀገር ራሱ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ምዕራብ ሐረርጌ፣ ድሬ ዳዋና ኦጋዴን ተብሎ ተከፋፈለ። በ1984 ዓ.ም. የሽግግሩ መንግሥት አገሪቱን በ14 ክልሎች ሲያደራጅ ሐረር 13ኛው ክልል ሆነች፤ በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አሠራርም የሐረሪ ክልል መለያ ቁጥር 13 ሆኖ ቀርቷል። በዚያው ድልድል ከ7 እስከ 11 የነበሩት አምስት ክልሎች ተዋሕደው የደቡብ ክልል ተባሉ፤ ይኸው ክልል ደግሞ ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በሚሉ አራት ክልሎች ተተካ። የአስተዳደር ድልድል ዝርዝር የያዘ መዝገብ ሁሉ በእነዚህ ዓመታት ተናግቷል።

እንግዲህ አንድ ወረዳ ሲፈርስ ወይም ከሌላው ጋር ሲዋሐድ በሥሩ የተመዘገቡት ቤተሰቦች ምን ይሆናሉ? የውጭ ቁልፍ ሲበጅ ይህ ጥያቄ አብሮ ይመለሳል። አንደኛው ምርጫ ካስኬድ ይባላል፤ ወላጁ ረድፍ ሲሰረዝ ልጆቹም አብረው ይሰረዛሉ። ለሱቅ ዕቃ ዝርዝር ይህ ምቹ ሊሆን ይችላል። በእርዳታ መዝገብ ግን አንድ ጸሐፊ የፈረሰን ወረዳ ስም ከዝርዝሩ ሲያወጣ፣ በሥሩ ያሉት ቤተሰቦች፣ ከቤተሰቦቹም በታች ያሉት ካርዶች በአንድ ትእዛዝ ይጠፋሉ ማለት ነው። ማንም ሰው ይህን ሥልጣን በእጅ ደብተር ዘመን ለአንድ ጸሐፊ አልሰጠም፤ በኮምፒዩተር ዘመንም የሚሰጥበት ምክንያት የለም። ሁለተኛው ምርጫ ክልከላ ነው፤ ልጅ ያለው ወላጅ አይሰረዝም፤ ቤተሰቦቹ አስቀድመው ወደ አዲሱ ወረዳ በጽሑፍ ይዛወሩ ይላል። ለዚህ ሥራ የሚስማማው ይህ ነው። ሦስተኛው የልጁን ዓምድ ባዶ ያደርጋል፤ አራተኛው ደግሞ በምትኩ ነባሪውን ዋጋ ይሞላል። እዚህ ላይ ሁለቱ ርእሶች ይገናኛሉ።

ነባሪ ዋጋ ማለት ጸሐፊው በአንድ ዓምድ ምንም ሳይጽፍ ሲቀር ኮምፒዩተሩ በራሱ የሚሞላው ዋጋ ነው። ጥቅሙ አያከራክርም። ረድፉ ወደ መዝገብ የገባበትን ቀንና ሰዓት፣ ያስገባውን ሠራተኛ መለያ፣ «ገና ያልተጣራ» የሚለውን የማጣሪያ ደረጃ ማሽኑ ቢሞላው ድካም ይቀንሳል፤ የሚሞላውም እውነት ነው። እነዚህ ሁሉ ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸውና። ነገሩ የሚበላሸው ስለ ተረጂው ኑሮ ማሽኑ የማያውቀውን እንዲሞላ ሲታዘዝ ነው።

የቤተሰብ ብዛት ዓምድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በማይክሮሶፍት አክሰስ ቀደምት ቅጂዎች የቁጥር ዓምድ ሲፈጠር 0 የሚል ነባሪ ዋጋ በራሱ ይገባ ነበር። ዜሮ የቤተሰብ አባል ያለው ቤተሰብ የለም፤ በእደላ ስሌት ላይ ግን ዜሮ ዜሮ ኩንታል ያወጣል። ይህን ለማረም አንዳንዶች ነባሪውን 1 ያደርጉታል፤ ይህ ከዜሮው የሚብስበት ምክንያት አለ። ዜሮ ሲታይ ያስደነግጣል፤ አንድ ግን እውነት ይመስላል። የእህል ድርሻው በሰው በወር 15 ኪሎ ግራም ሲሆን ስምንት ነፍስ ያለው ቤተሰብ 120 ኪሎ ሊደርሰው ሲገባ 15 ኪሎ ይሰጠዋል። ሪፖርቱ ላይ ጉድለት የለም፤ ረድፉ ሙሉ ነው፤ ካርዱ ከቤተሰቡ፣ ቤተሰቡም ከወረዳው በትክክል ተሳስሯል። 105 ኪሎ የጎደለው ከሰባት ሰው አፍ ነው። የቤተሰብ ኃላፊ ጾታ «ወንድ» ተብሎ በነባሪነት ሲቀመጥም ባል የሞተባት ወይም ባሏ ለሥራ የራቀባት ሴት ከእማወራዎች ቁጥር ውስጥ ሳትገባ ትቀራለች።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ነባሪ ዋጋ በራሱ በውጭ ቁልፍ ዓምድ ላይ ሲቀመጥ ነው። ለምሳሌ ያህል ኮምፒዩተሩ በአቦከር ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተተክሎ፣ መጀመሪያ የሚገባውም የአቦከር መዝገብ ቢሆን፣ ጸሐፊውን ከድካም ለማዳን ሲባል የወረዳው ዓምድ ነባሪ ዋጋ የአቦከር መለያ ቁጥር ይደረጋል። ለአቦከር መዝገብ ይህ ጉዳት የለውም። ሥራው ሲሰፋ ግን የሶፊና የኤረር ገጠር ቀበሌዎች ቅጽ በዚያው ማሽን ይገባል፤ የወረዳ ቦታው ያልተሞላ ቅጽ ሁሉ የአቦከር ይሆናል። የሶፊ 200 ቤተሰቦች፣ በአማካይ አምስት አምስት ነፍስ ይዘው፣ በዚህ ዓይነት ቢገቡ በወር 150 ኩንታል እህል በሰነድ ላይ ከሶፊ ወደ አቦከር ይዛወራል። የጭነት መኪናው የሚከተለው ሰነዱን ነው። አቦከር ትርፍ ያያል፣ ሶፊ ጉድለት ያያል፤ ከዚያም ስለ ሰዎች ሐቀኝነት ወሬ ይነሣል።

የውጭ ቁልፉ ይህን ለምን አላስቆመም? የውጭ ቁልፍ የሚያጣራው የተጠራው ረድፍ መኖሩን ብቻ ነው። የጁገል በር ዘበኛ ቢሆን ኖሮ፣ እንግዳው «ወደ እገሌ ቤት ነው የምሄደው» ሲለው የእገሌ ቤት በከተማው ውስጥ መኖሩን አረጋግጦ ያሳልፈው ነበር እንጂ እንግዳው በእርግጥ የእገሌ ዘመድ መሆኑን ሊያውቅ አይችልም። አቦከር በዝርዝሩ ላይ አለ፤ ስለዚህ በሩ ይከፈታል። ያለ ነባሪ ዋጋ ቢሆን ባዶው ዓምድ ራሱ ምስክር ይሆን ነበር፤ ነባሪው ግን ምስክሩን ዝም ያሰኘዋል።

መፍትሔው ሁለት መልክ ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ዓምዱ ያለ ነባሪ ዋጋ ሆኖ ባዶ መተው እንዳይፈቀድ ማድረግ ነው፤ ጸሐፊው ካልሞላ ረድፉ አይገባም። ይህ በጽሕፈት ቤት ውስጥ ጥሩ ነው። በመመዝገቢያ ጣቢያ፣ ሰው ተሰልፎ ፀሐይ እየከረረ ሳለ፣ የተከለከለ ጸሐፊ ማሽኑ የሚቀበለውን አንድ ነገር መርጦ ማለፉ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ሐሰቱ በሰው እጅ ይጻፋል። ሁለተኛው፣ ለመስክ ሥራ የሚመረጠው፣ በወረዳዎች ዝርዝር ውስጥ «ያልተረጋገጠ» የሚል አንድ ረድፍ መጨመርና ለእርሱ 99ን የመሰለ ቁጥር ሰጥቶ ነባሪውን ዋጋ እርሱን ማድረግ ነው። የውጭ ቁልፉ ይከበራል፤ ያልታወቀውም ነገር ያልታወቀ መሆኑ በሪፖርቱ ላይ በራሱ መስመር ይታያል። 99 ረድፉ በየሳምንቱ የሚታይና የሚራገፍ መሆን አለበት፤ የሚመለከተው ሰው ከሌለ ሌላ መጋዘን ይሆናል።

ባዶውን እንዲሁ መተውም ይቻላል። ይሁን እንጂ በባዶ የውጭ ቁልፍ ላይ ኮምፒዩተሩ ምርመራ እንደማያደርግ መታወቅ አለበት። ቁልፉ ከክልል፣ ከወረዳና ከቀበሌ ቁጥሮች የተዋቀረ ከሆነ ደግሞ፣ በተለመደው አሠራር ከሦስቱ አንዱ ብቻ ባዶ ቢሆን የቀሩት ሁለቱም ሳይመረመሩ ያልፋሉ። በገበያ ያሉት ሶፍትዌሮችም በጥብቅነታቸው አንድ አይደሉም። ማይ ኤስ.ኪው.ኤል. በቀድሞው የማይ አይሳም አሠራሩ የውጭ ቁልፍን ትእዛዝ ሳያጉረመርም ይቀበልና በሥራ ላይ ሳያውለው ይቀር ነበር፤ ኤስ.ኪው.ኤል.ላይት ደግሞ በግንኙነቱ መጀመሪያ ጥበቃው እንዲበራ ካልታዘዘ በስተቀር በተለመደው አቀራረቡ አይጠብቅም። ጥበቃው መኖሩን ማወቂያው አንድ ነው፤ የሌለ የቤተሰብ ቁጥር ይዞ ካርድ ለማስገባት መሞከር።

የቀን ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። የኮምፒዩተሩ የቀን ዓምድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠራ ነው። ጥቅምት 30 ቀን የተመዘገበ ሰው በቅጹ ላይ 30/2 ተብሎ ሲጻፍና ጸሐፊው እንዳለ ሲያስገባው ማሽኑ ይህን የካቲት ሠላሳ ብሎ ይረዳና አይቀበልም፤ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የላትምና። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች ተመላሽ ናት። ጸሐፊው ሲታክተው ቦታውን ባዶ ይተወዋል፤ ነባሪው የዕለቱን ቀን ይሞላዋል፤ ከወራት በፊት የተመዘገበው ሰው ዛሬ የመጣ ይሆናል። ተቀባይነት ያገኙት ቀኖችም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደው ይቀመጣሉ። የልደት ቀናቸውን የማያውቁ ብዙ ስደተኞች ጃንዋሪ 1 ቀን የተወለዱ ተብለው በየአገሩ መመዝገባቸው የታወቀ ነው። ዕድሜ በግምት ሲሆን «በግምት» የሚል ዓምድ ከአጠገቡ ማኖር ይሻላል።

መዝገብ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ አዲስ ዓምድ የመጨመር ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይሳሳታል። ለምሳሌ «የአካል ጉዳት አለ ወይ» የሚል ዓምድ «የለም» ከሚል ነባሪ ዋጋ ጋር ሲጨመር፣ በአብዛኞቹ ሥርዓቶች ነባሪው ለሚመጡት ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ለተመዘገቡትም ይሞላል። ማንም ሳይጠይቃቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ቅጽበት ጤነኞች ይሆናሉ። ትክክለኛው ነባሪ «አልተጠየቀም» ነው፤ «የለም» የሚለውን መጻፍ ያለበት የጠየቀው ሰው ነው።

ወደ ሠፈራው ጉዳይ ሲመጣ ቁልፉ ከእህል ድርሻ አልፎ ቤተሰብን ይነካል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ጋምቤላ፣ መተከል፣ ወለጋ፣ ከፋና ኢሉባቦር ሲወሰድ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ በየመኪናው የተለያዩበት ሁኔታ መኖሩ በስፋት ተመዝግቧል። መነሻው ላይ የተጻፈው ስምና መድረሻው ላይ የተጻፈው ስም በጋራ ቁጥር ካልተሳሰሩ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ከወረቀት ማወቅ አይቻልም። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረውና በሦስት ዓመት 440,000 አባወራዎችን ለማስፈር በታቀደው ፕሮግራም ጊዜ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ ተነሥተው በኢሉባቦር ጨዋቃ የሰፈሩ ወገኖች አሉ። እንዲህ ላለው ጉዞ በመድረሻው መዝገብ ላይ አዲስ ቁጥር ሲሰጥ የመነሻው ቁጥር በአንድ ዓምድ ተይዞ፣ ያም ዓምድ ወደ መነሻው መዝገብ የሚያመለክት የውጭ ቁልፍ ሊሆን ይገባል። እያንዳንዱ ግለሰብም የቤተሰቡን ቁጥር መያዝ አለበት፤ የመነሻው ቁጥር ላልተገኘለት ዓምዱ ባዶ ይሁን እንጂ በግምት አይሞላ። ወንድሙን የሚፈልግ ሰው ነባሪ ዋጋ ተከትሎ የሌላ ሰው ቤት ቢደርስ ጥፋቱ በቀላሉ የሚታረም አይደለም።

በሥራ ላይ ባለ አሮጌ መዝገብ የውጭ ቁልፍ ለማበጀት ሲፈለግ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የወረዳና የቀበሌ ዝርዝር ይገባል፤ ቀጥሎ ቤተሰቦች፤ በመጨረሻ ካርዶች። ብዙ መረጃ በአንድ ጊዜ ሲጫን ጥበቃውን ለጊዜው ማጥፋት የተለመደ ነው፤ በማይ ኤስ.ኪው.ኤል. ግን ጥበቃው ተመልሶ ሲበራ በመካከል የገቡትን ወደ ኋላ ሄዶ አይመረምርም። ስለዚህ ካርዶቹ ከቤተሰቦች ጋር ተነጻጽረው ወላጅ ያጡት በዝርዝር ይወጣሉ። ይህ ዝርዝር በጽሕፈት ቤት ውስጥ አይታረምም፤ ታትሞ ወደ ቀበሌው ይሄዳል፤ ሽማግሌዎችና የእደላ ኮሚቴው ባሉበት ስሙ ጮክ ተብሎ ይነበባል። የታወቀው ቤተሰብ ቁጥሩ ይመለስለታል። ያልታወቀው ካርድ በቤተሰቦች መዝገብ ላይ ለዚሁ በተዘጋጀው «ያልተረጋገጠ» ረድፍ ሥር ይቀመጣል፤ ማጣራቱ እስኪያልቅ ድረስ በካርዱ ላይ ያለው እደላ አይቋረጥም፤ የእጅ ደብተሩም አይቃጠልም።